ከጌጡ በፊት ክዳኑ

ጥያቄ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የባቢሌ ለውዝ እየገዛሁ ቤቴ ቆልቼ አስፈጭና የለውዝ ቅቤ እሸጣለሁ። ሦስት ዓመት ያህል በአፈ ሰፊ ፕላስቲክ ዕቃ፣ በላዩ ቢጫ ወረቀት ለጥፌ፣ በሰፈርና በቀፊራ ገበያ ስሸጥ ደህና ነበርኩ። ዘንድሮ ሱፐርማርኬት ልግባ ብዬ ዲዛይነር ቀጠርኩ። ጥቁርና ወርቃማ ሌብል ሠራልኝ፤ ዕቃውም ረጅም አንገተ ቀጭን ጠርሙስ ሆነ። በስልክ ያየው ሁሉ ‹የውጭ ዕቃ ይመስላል› ብሎ አድንቆልኛል። ሽያጩ ግን ወረደ። የቆዩ ደንበኞቼ ‹አቦ የድሮዋን አምጪልን› ይሉኛል። ሐረር ያሉ ሁለት ሱቆች ዘይት እየፈሰሰ ሌላ ዕቃ አበላሸብን ብለው መለሱልኝ፤ ድሬ ያሉት ግን እንዲህ አላሉም። ባለቤቴ ዋጋ ቀንሺ ይለኛል፤ ዲዛይነሩ ቀለሙን እንቀይረው ይላል። የቀረኝ ብር ትንሽ ነው። ሌላ ዲዛይን ላሠራ ወይስ ወደ ድሮው ልመለስ? የሁለቱንም ፎቶ ልኬያለሁ።»

የለውዝ ቅቤ ሻጯ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦

እህቴ፣ መልሱን ላስቀድም፤ ምክንያቱ ይከተላል። አሁን ሌላ ዲዛይን አታሠሪ፤ ዋጋም አትቀንሺ። መጀመሪያ ዕቃውንና ክዳኑን አስተካክዪ፤ ቀጥለሽ ቢጫውን መልሺ፤ በላዩ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ይመጣል። የቀረችሽ ብርም በዚሁ ተራ ትውጣ።

እኔ ማሸጊያን የምለካው ዕቃው ከአንቺ እጅ ከወጣ በኋላ በሚያልፍባቸው እጆች ነው፦ በጫኚው፣ በባለሱቁ፣ በገዢዋ፣ ዳቦዋን ይዛ ማንኪያ በምታስገባው ልጅ። ከእነዚህ አንዱ ከተቸገረ ዲዛይኑ ገና አላለቀም። የአንቺ አዲሱ ማሸጊያ አራቱንም አስቸግሯል፤ ስለዚህ ቀለም መቀየር የትኛውንም አይፈታልሽም።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ዓይኔን የያዘው ስለ ሐረር የጻፍሽው ነው። ድሬ ያሉት አላማረሩም፤ ሐረር ያሉት መለሱ። ቅቤው ያው፣ ጠርሙሱ ያው፣ ክዳኑም ያው ነው። የተለየው መንገዱ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ናት፤ በመሐሉ ደግሞ መኪናው የደንገጎን ዳገት ይወጣል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል። ድሬ ላይ ጠርቅመሽ የዘጋሽው ጠርሙስ ውስጥ የቀረው አየር ግን የድሬን ግፊት እንደያዘ ይጓዛል፤ ዳገቱን ሲወጣ ክዳኑን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በዚያ ላይ ካርቶኑ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው አየሩም ዘይቱም ይሰፋል። ጫኚው ካርቶኑን አጋድሞ ካስቀመጠው ደግሞ ዘይቱ ክዳኑ ጥርስ ድረስ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀዳዳ ይበቃዋል። ሐረር ያሉት ባለሱቆች የነገሩሽ እውነት ነው፤ አንቺም አላጭበረበርሽም። ክዳኑ ለዚህ መንገድ የተሠራ አይደለም።

ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፈው ስላበላሸሽው አይደለም። የለውዝ ፍሬ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ዘይት ነው። ሲፈጭ ዘይቱ ይወጣል፤ ከደቃቁ ፍሬ ስለሚቀልም ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን ለመከላከል በክፍል ሙቀት የሚረጋ የአትክልት ስብ በትንሹ ይጨምሩበታል፤ እሱ ዘይቱን አስሮ ያቆየዋል። አንቺ ለውዝና ጨው ብቻ ነው የምታደርጊው፤ እንደዚያው ይቅር፤ የሚወዱሽም ለዚያ ነው። ግን ምንም ያልተጨመረበት የለውዝ ቅቤ መማሰል አለበት፤ መማሰል ያለበት ነገር ደግሞ አፈ ሰፊ ዕቃ ይፈልጋል። የአሁኑ ጠርሙስሽ አንገት ውስጥ የሾርባ ማንኪያ አይገባም። በሻይ ማንኪያ የሞከረችው እናት ዘይቱን ብቻ ትቀዳለች፤ ከሥር የቀረው ይደርቃል፤ በመጨረሻም የከፈለችበት ነገር ጠርሙሱ ሥር ተጣብቆ ይጣላል። «የድሮዋን አምጪልን» ከሚሉሽ መካከል ብዙዎቹ ስለ ቀለም ሳይሆን ስለዚህ የሚያወሩ ይመስለኛል። ጠይቂያቸው።

ስለዚህ ወደ አፈ ሰፊው ፕላስቲክ ተመለሺ። ብርጭቆ ጠርሙስ አየር ጨርሶ ስለማያስገባ ቅቤውን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያል፤ ግን ይከብዳል፣ ይሰበራል፣ ዋጋውንም ያስወድድብሻል። በሚኒባስ ለሚላክ ዕቃ አሁን ፕላስቲኩ ይሻልሻል። የምትገዢው ዕቃ ለምግብ የተሠራ መሆኑን ሻጩን አረጋግጪ፤ ሌላ ነገር የነበረበትን አጥቦ መጠቀም ግን በፍጹም አይታሰብ፤ ክዳኑ ውስጥ ያለው ሽፋን የድሮውን ሽታ ይዞ ይቀራል።

አሞላሉም ላይ አንድ ነገር አለ። ቅቤው ከመፍጫው ሲወጣ ትኩስ ነው፤ ፍትጊያው ራሱ ያሞቀዋል። ትኩሱን ስስ ፕላስቲክ ውስጥ ከሞላሽው ዕቃው ቅርጹን ይስታል፤ የዕቃው አፍ ትንሽ እንኳ ከተጣመመ ክዳኑ መቼም አይገጥምም። በዓይን አይታይሽም፤ ዘይቱ ግን ያገኘዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ! በንጹሕ ድስት ሸፍነሽ አቀዝቅዢው፤ አማስለሽ ከዚያ ሙዪ። በፎቶው ላይ ደግሞ እስከ አፉ ድረስ ሞልተሽዋል። ደንበኛዬ ይጥገብ ብለሽ እንደሆነ ገባኝ፤ ዘይቱ ግን ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል። ገዢዋም ስታማስል እንዳይፈስባት አንድ ጣት ያህል ከላይ ተዪለት።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ከክዳኑ ሥር፣ በዕቃው አፍ ላይ የሚጣበቅ የአሉሚኒየም ሽፋን አለ፤ ማዮኔዝ ወይም የዱቄት ወተት ስትከፍቺ የምትቀድጂው ዓይነት። በእጅ የሚያዝ የማሸጊያ ማሽን ክዳኑ እንደተዘጋ ከላይ ሲደረግበት ሽፋኑን ያሞቀውና ከዕቃው አፍ ጋር ያጣብቀዋል። ይህ እንዲሠራ ክዳኑ ፕላስቲክ መሆን አለበት፤ የብረት ክዳን ላይ አይሆንም። ለዲዛይነሩ ሁለተኛ ጊዜ ልትከፍዪው ያሰብሽው ብር ለዚህ ይዋል። ማሽኑን ብቻሽን መግዛት ከከበደሽ እንዳንቺ ማር፣ በርበሬ ወይም ቅባት ከሚያሽጉ ሴቶች ጋር በጋራ ግዙት። ሽፋኑ ዘይቱን ይይዝልሻል፤ በዚያው ላይ ገዢዋ ስትከፍተው ከአንቺ በኋላ ማንም እንዳልነካው ታያለች። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ምግብ ከዚህ የሚበልጥ ማስታወቂያ አላውቅም።

ከታሸገ በኋላ እንዲህ ፈትኚው። ጥቂት ዕቃዎችን ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጠሽ፣ ቤትሽ ውስጥ በጣም የሚሞቀው ቦታ አሳድሪያቸው። ጠዋት ወረቀቱ ላይ የዘይት ክብ ካየሽ አልታሸገም ማለት ነው። ይህን ያለፉትን ደግሞ ሐረር ለሚሄድ ሰው በካርቶን አስይዢና አጋድሞ እንዲመልስልሽ አድርጊ። መፍሰሱ ካልቀረ በአንቺ ካርቶን ውስጥ ይፍሰስ።

አሁን ወደ ቢጫው ልምጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ዓይን ውስጥ ያስገባሽው ምልክት እሱ ነበር። አንቺ «ወረቀት ለጥፌ» ብለሽ አሳንሰሽ ጻፍሽው፤ እነሱ ግን ገና ከሩቅ የሚያውቁሽ በእሱ ነው። ይህ የትልልቆቹም ፈተና ነው። ትሮፒካና የተባለው የአሜሪካ ብርቱካን ጭማቂ በ2009 እ.ኤ.አ. ካርቶኑን ቀየረ። ሰው የለመደው ሥዕል ብርቱካን ላይ ገለባ የተሰካበት ነበር፤ እሱ ተነሥቶ በብርጭቆ የተቀዳ ጭማቂ ተተካ፤ የስሙ አጻጻፍም ተለወጠ። በውስጡ ያለው ጭማቂ አልተቀየረም። ሁለት ወር ሳይሞላ ሽያጩ ወደ 20 በመቶ ወረደና ኩባንያው የድሮውን ካርቶን መለሰ። ገዢው ሱቅ ገብቶ የለመደውን ሲያጣ «ቀረ» ብሎ ሌላ አንሥቶ ይሄዳል። አንቺን ግን ደንበኞችሽ አፍ አውጥተው ጠይቀውሻል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነውና ስሚያቸው። አዲሱ ሌብል ሲሠራ ቢጫነቱ ይቆይ፤ የስምሽ አቀማመጥም እንደ ድሮው ይሁን። የሚሻሻለው ወረቀቱ፣ ሕትመቱና ጽሑፉ ነው።

ጥቁሩ ለምን እንዳልሠራም ልንገርሽ፤ ከዲዛይነሩ ጋር ስትነጋገሪ ይጠቅምሻል። ስልክ ላይ ያየሽው ከኋላው ብርሃን ያለው ሥዕል ነው። የእኛ ሱቅ ግን እንዲያ አይደለም። ገዢው ከባንኮኒው ወዲህ ይቆማል፤ ዕቃው ከባለሱቁ ጀርባ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ በሩ ገርበብ ይላል፤ መብራትም ይጠፋል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ጥቁር ጠርሙስ የለም ማለት ነው። ወርቃማውም ቢሆን የኮምፒውተር ወርቅ ነው። ማተሚያ ቤቱ በተለመዱት አራት ቀለሞች ሲያትመው የሰናፍጭ ዓይነት ቡናማ ይሆናል፤ የሚያብለጨልጭ ወርቅ ከፈለግሽ የተለየ ቀለም ወይም በሙቀት የሚታተም የወርቅ ፎይል ያስፈልጋል፤ እሱም ተጨማሪ ወጪ ነው። የላክሽው የታተመው ፎቶ ላይ በደንብ ይታያል። ለወደፊቱ ዲዛይን በስክሪን ዓይተሽ «እሺ» አትበዪ፤ በትክክለኛ መጠኑ አሳትመሽ፣ ዕቃው ላይ ጠቅልለሽ፣ የሰፈርሽ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ከሌሎች ጋር አስቀምጠሽ ከባንኮኒው ወዲህ ቆመሽ እዪው።

ስትቆሚ የምታዪው ሌላም ነገር አለ። ዕቃው ክብ ነው። ስፋቱ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ፊት ለፊት ቆሞ ሳይጣመም የሚነበበው ግን ከ7 ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዲዛይነሩ ሌብሉን ጠፍጣፋ አድርጎ ስለሠራው ስሙን እስከ ዳር ዘረጋው፤ ጠርሙሱ ላይ ሲጠቀለል መጀመሪያውም መጨረሻውም ወደ ጎን ዞረ። በፎቶሽ ላይ ፊት ለፊት የሚነበበው «...ውዝ ቅ...» ብቻ ነው። «የለውዝ ቅቤ» የሚለው በሁለት መስመር ተከፍሎ በዚያች 7 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይግባ፤ ከሁሉም ጽሑፍ ይግዘፍ። የእኛ ፊደል እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ዋናውን ከተራው የምትለዪው በመጠንና በውፍረት ብቻ ነው። አንተ የትኛው ነህ ተብሎ የማይጠየቅ አንድ ትልቅ ጽሑፍ ይኑር።

ትንንሾቹን ፊደሎች በተመለከተ ግን ዲዛይነሩ ጋር ጠንከር በዪ። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ ትንንሽ እግርና ቀንድ ላይ ነው፤ «ቸ» ከ«ቼ»፣ «ጠ» ከ«ጣ» የሚለየው በአንዲት ጭረት ነው። ነጭ ጽሑፍ ጥቁር ላይ አሳንሰሽ ስታሳትሚ ጥቁሩ ቀለም እየገባ እነዚያን ጭረቶች ይበላቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በምግብ ሌብል ላይ ግዴታ የሆነው ጽሑፍ የትንሿ ላቲን ፊደል ቁመቷ ከ1.2 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል፤ በእኔ እምነት ለእኛ ፊደል 2 ሚሊ ሜትር መነሻ ይሁን፤ ጥቁር ጽሑፍ በቢጫ ወይም በነጭ ላይ። የሰፈር እናቶች መነጽር ሳይፈልጉ ያንብቡት።

ወረቀቱም ይቀየር። ተራ ወረቀት ዘይት ሲነካው ይጠጣዋል፤ ድሮ የነበረሽ ቢጫ በእጅ ብዛት የሚወይበው ለዚህ ነው። ውኃና ዘይት የማይገባው የፕላስቲክ ስቲከር አሠሪ። ዙሪያውን ግን ሙሉ በሙሉ አይሸፍን፤ በአንድ ጎን ቅቤው የሚታይበት ጣት የሚያክል ክፍተት ይቅር። ገዢ የሚበላውን ማየት ይወዳል። ብርሃን የለውዝ ዘይት ጠረን እንዲለወጥ ስለሚያፋጥን ክፍተቱ አይስፋ፤ ባለሱቁንም በር ላይ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ እንዳያስቀምጥ ለምኚው።

ከጽሑፎቹ መካከል መጀመሪያ የሚወጣው «ስኳር በሽታንና ኮሌስትሮልን ያድናል» የሚለው ነው። እህቴ፣ ይህን ማን እንዳስጻፈሽ አላውቅም፤ ግን ዛሬውኑ ይውጣ። ምግብ በሽታ ይፈውሳል ብሎ ማወጅ ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ የሚከለክለው ነገር ነው። ከሕጉም በላይ መድኃኒቷን ትታ የአንቺን ቅቤ የምትበላ አንዲት ሴት ብትኖር ምን ትያለሽ? ከኢንተርኔት የተወሰደው የፈረንጅ ልጅ ፎቶም ይነሣ፤ ፎቶው ባለቤት አለው፤ ለቅቤሽም ምንም አይነግርለትም። ቅርፊቱ የተሰነጠቀ አንድ ለውዝ ቢሣል ማንበብ የማይችልም ያውቀዋል።

በምትኩ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የሚበላው ነገር ስም፣ ምን እንደገባበት፣ የተጣራ ክብደት፣ ማን የት እንደሠራው ከስልክ ጋር፣ የተመረተበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የምርት ዙር ቁጥር፣ «ከመጠቀምዎ በፊት ያማስሉ» እና «ፀሐይ በሌለበት ያስቀምጡ»። ለውዝ አንዳንድ ሰው ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ስለሚያስነሣ «ለውዝ አለው» የሚለውም ጎልቶ ይጻፍ። የአሁኑ ላይ «500 ሚሊ ሊትር» ብለሻል፤ ያ የጠርሙሱ ልክ ነው። ባዶውን መዝኚ፣ ከነቅቤው መዝኚ፣ ልዩነቱን በግራም ጻፊ። ቀፊራ ውስጥ ሚዛን የሌለው ሰው የለም፤ ያስመዘነች ሴት ትክክል ሆኖ ስታገኘው ለጎረቤቷ ታወራልሻለች። የአስተዳደሩ ንግድ ቢሮና ጤና ቢሮ ሄደሽ ለቤት ውስጥ አምራች የሚጠይቁትን ሙሉ ዝርዝር በወረቀት ተቀበዪ፤ ሱፐርማርኬቶቹ ሊጠይቁሽ ይችላሉ።

ቀኑ ላይ ጥንቃቄ አድርጊ። የጻፍሽው «12/03/18» ነው። አንቺ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለትሽ ነው። የሱፐርማርኬቱ ሠራተኛ ግን የለመደው የውጭ ዕቃ ነውና ማርች 12፣ 2018 ብሎ ያነበዋል፤ ከዓመታት በፊት ያለፈበት ዕቃ መስሎት ያነሣዋል። የወሩን ስም በፊደል ጻፊ፣ «ዓ.ም.» ጨምሪ፤ ቦታ ካለሽ የአውሮፓውያኑን ከጎኑ አድርጊ። ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ደግሞ ከሌላ ሰው ዕቃ አትገልብጪ። ከእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ዕቃ አስቀርተሽ በየወሩ አንዱን እየከፈትሽ አሽቺ፣ ቅመሺ፤ ጠረኑ መለወጥ ከሚጀምርበት ቀደም ያለውን ጊዜ ጻፊ።

የድሬ ገበያ አንድ ቋንቋ ብቻ አያወራም። አማርኛው ዋናው ይሁን፤ ግን «የለውዝ ቅቤ» የሚለው ስም በኦሮምኛና በሶማሊኛም ከሥሩ ቢጻፍ ለቀፊራ ይጠቅምሻል፤ ነገ ወደ ጅግጅጋ ስትልኪም ሌላ ሌብል አታሳትሚም። ትርጉሙን ቋንቋውን ቤቱ ከሚናገር ሰው አስደርጊ። «ፕሪሚየም» የሚለውን ትልቅ ቃል ብታወጪው ለሁለቱም ቦታ ይበቃል። «ባቢሌ» የሚለውን የምርትሽ ስም አታድርጊው፤ ሰው የሚያውቀው የማዕድን ውኃ ስም ስለሆነ ጣጣ ያመጣብሻል። «ከባቢሌ ለውዝ የተሠራ» ብለሽ ብትጽፊ ግን እውነትም ነው፣ ያኮራልም።

ሱፐርማርኬት ከገባሽ ባርኮድ ይጠይቁሻል። አሁን ያለው ወርቃማ መስመር በጥቁር ላይ ነው፤ ብዙ ማሽን አያነበውም። የማንበቢያው ብርሃን ቀይ ስለሆነ ወርቃማ፣ ቀይና ብርቱካናማ ለእሱ እንደ ነጭ ነው። ጥቁር መስመር በነጭ ላይ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ቦታ ተትቶለት ይሁን፤ ክብ ዕቃ ላይ ደግሞ መስመሮቹ እንደ መሰላል ተጋድመው ቢታተሙ ሳይጣመሙ ይነበባሉ።

አንድ ነገር ግን ምንም ዓይነት ማሸጊያ አይሸፍነውም። ለውዝ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል፤ ጉበት ይጎዳል፤ በምሥራቅ ሐረርጌ ለውዝ ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ተገኝቷል። መቁላት ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ ከተፈጨ በኋላም በዓይን አይታይም። የሚለየው ከመቁላትሽ በፊት ነው፦ የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ የተሰበረውንና የሻገተውን አንድ በአንድ እየለቀምሽ አውጪ፤ የወጣውንም ለሰው አትሽጪ፤ ለከብትም አትስጪ። ከሁሉ ዲዛይን በፊት ብር የሚገባው እዚህ ነው፤ ለቃሚ ከቀጠርሽ ክፈዪ። ልጆች ናቸው የሚበሉት።

ባለቤትሽ ዋጋ ቀንሺ ያለው ሽያጭ ስለወረደ ተጨንቆ ነው። የወረደው ግን ዋጋው ከብዶ አይደለም፤ የድሮው ዋጋ ላይ ሲገዙሽ ነበር። ዋጋ ከመቀነስ ትንሽ መጠን ያለው ዕቃ ጨምሪ፤ አንድ ጊዜ ቀምሳ ልታይ የምትፈልግ ሴት ግማሽ ኪሎ አትገዛም። እሱም አፈ ሰፊ፣ ቢጫ ሌብል ያለው፣ የታሸገ ይሁን። በፌስታል ቋጥሮ መሸጥ ግን አይታሰብሽ፤ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ዘይት ለያዘ ምግብም ድሮም አይመችም ነበር።

ዲዛይነሩን አታባርሪው። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የጎደለው ሱቁንና ጠርሙሱን ሳያይ መሥራቱ ነው። ዕቃውን በእጁ ስጪው፣ ቀፊራ ውሰጂው፣ የድሮዋን ቢጫ አሳዪው፤ ፋይሉንም በአንቺ እጅ እንዲሆን ከአሁኑ ተስማሙ። ታትሞ የተረፈው ጥቁር ሌብል የስኳሩን ጽሑፍ ስለያዘ እስኪያልቅ ልጠቀምበት አትበዪ፤ ይቅር።

ሐረር ያሉት ሁለት ባለሱቆች ጋ ራስሽ ሂጂ። ዘይቱ ያበላሸባቸውን ዕቃ ጠይቀሽ ክፈዪ፤ ይህን በስልክ አታድርጊው። ከአዲሱ የታሸገ ዕቃ ጥቂት ይዘሽ ሂጂና መደርደሪያቸው ላይ ለአንድ ሳምንት ገልብጠው እንዲያስቀምጡልሽ ለምኛቸው። ሳምንቱ ሲያልቅ ከሥሩ ያለው ወረቀት ደርቆ ከተገኘ ያኔ ትዕዛዝ ጠይቂያቸው፤ በድሮው ዋጋ።